ተዘዋዋሪው እጀታ

«የሬዲዮውን ሰውዬ ጥሪልኝ» አለች አሮጊቷ። «ክሊኒክ ሰጠን ብሎ ነበር። ይመልሰው።»

የስልክ ኦፕሬተሯ ሀዊ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዋ ላይ ገፋ አድርጋ በመስኮቱ በኩል አየቻት። «የትኛውን ሰውዬ፣ እናቴ?»

«ውስጥ ያለውን። ሁልጊዜ የሚያወራው።»

ሰልፉ ሳቀ። ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ የሚያስደውለው ይህ አንድ ቢሮ፣ አንድ ካቢንና አንድ መስመር ብቻ ነበር። ካቢኑ ከኮምፔርሳቶ የተሠራ ስለሆነ ውስጥ የሚነገረውን ሁሉ ውጭ የተሰለፈው ይሰማል፤ የሰማውንም ያርማል። ማን ለማን ስኳር እንደላከ፣ የማን ዝውውር እንደተከለከለ የከተማው ሰው የሚያውቀው ከዚህ ነው። የሺዋስ በሰልፉ ሦስተኛ ነበር። እሱ አልሳቀም። በሸሚዙ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይዞ ነበርና ደረቱ ላይ ከበደው።

አሮጊቷ ሰዕዲያ ትባላለች። ከቤልጉንዲ ከፈጅር ሶላት በኋላ ተነሥታ በእግሯ ነው የመጣችው። ሀዊ አልሰማ ስትላት ፊቷን ወደ ሰልፉ አዙራ ለሁሉም ነገረች። ዓምና ሬዲዮ ቤልጉንዲ ክሊኒክ ተከፈተ አለ። ሰው ሁሉ በዐወድ ሱቅ ተሰብስቦ ሰማ። ወንዶቹ ወጥተው ፈለጉት። ድንጋይ ተቆልሏል፣ ሰሌዳ ቆሟል፣ ክሊኒክ የለም። ጤና ቢሮ ሄደው ሲጠይቁ ጸሐፊው ፋይል ገልጦ «የእናንተማ ተመርቋል፤ እኔ ራሴ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። አንድ ቀበሌ ሁለት ክሊኒክ አይሰጠውም» አላቸው። ከዚያ ምራቷ ምጥ ያዛት። በቀርከሃ ቃሬዛ ተሸክመው አሶሳ ሲያደርሷት የሆስፒታሉ ዘበኛ ለምን በራሳችሁ ክሊኒክ አትታከሙም ብሎ በር ላይ አቆማቸው።

«ምራቴ ዳነ» አለች ሰዕዲያ። «ልጁ የለም።»

ከሰልፉ አንድ ነጋዴ ጉሮሮውን ጠረገ።

የሺዋስ ያንን ክሊኒክ ያውቀዋል። አምስት ክፍልና ስምንት አልጋ አለው፤ ከነዚህ ክፍሎች አንዱ ማዋለጃ ነው። የሠራው እሱ ነው፣ ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ፣ እዚሁ ካቢን ውስጥ ቆሞ፣ ከምረቃው አራት ሰዓት አስቀድሞ። ምረቃው በዝናብ ምክንያት ለሌላ ቀን ተባለ፤ ሌላው ቀን አልመጣም፤ ዜናው ግን ቀድሞ ሄዷል።

ውሸታም ሰው ሆኖ አይደለም። አሠራሩ ነው። ክልሉ ስሙን ከቁጥር ወደ ፊደል ከለወጠ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር፤ በየበሩ ያሉት ሰሌዳዎች ላይ «ክልል 6» የሚለው ከአዲሱ ቀለም ሥር አሁንም ብቅ ይላል። የሺዋስ የሚሠራበት የማስታወቂያ ክፍል ማኅተም ያገኘው ከጠረጴዛ በፊት ነው፤ ለስድስት ወር ደብዳቤ ሲያትም የኖረው በመስኮት ደፍ ላይ ነበር። የአዲስ አበባ መስመር የሚከፈተው ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት ነው። እዚያ ያለው የሬዲዮ ዜና ዴስክ ዜናውን የሚፈልገው ለቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። የክብር እንግዶች ደግሞ የሚመርቁት ከምሳ በኋላ ነው። እነዚህን ሦስት ሰዓቶች ለማስታረቅ የክፍሉ ኃላፊ አቶ ሞላ አንድ መመሪያ አወጡ፦ «የሚመረቅ ነገር መመረቁ አይቀርም። ቀድመህ ብትጽፈው ማን ይጎዳል?»

የሺዋስ ሥራውን በጥንቃቄ ነበር የሚሠራው። ከሁሉ የሚጠነቀቀው ለነዋሪ አስተያየት ነው። ለዚህ ብቻ የተለየች ደብተር አለችው። አስተያየት የምትሰጠው ነዋሪ እናት መሆን አለባት። ልጆቿ አራት ናቸው፤ ሦስት ከሆኑ የከተማ ሰው ትመስላለች፣ ስድስት ከሆኑ የቤተሰብ ምጣኔ ሰዎች ቅር ይላቸዋል። ቀደም ሲል ሁለት ሰዓት በእግሯ ትሄድ ነበር። አንድ ሰዓት ቢባል ማንም አያዝንላትም፤ ሦስት ቢባል እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ የሚል ጥያቄ ያስነሣል። ደስታዋን የምትገልጸው በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ከሆነ የተጠና ይመስላል። እንዲህ እያደረገ በአሥራ አንድ ወር ውስጥ አርባ አንድ ነዋሪ ፈጥሯል። አንድም ስም አልደገመም።

ከሥራ መልስ ደግሞ ልቦለድ ይጽፋል። ከወይዘሮ ሸዋሉል በወር ሠላሳ ብር የተከራያት ክፍል በቀርከሃ የታጠረች፣ በጭቃ የተመረገች ናት፤ ጭቃው የተራገፈበት ላይ ጆሮውን አስጠግቶ ወይዘሮ ሸዋሉል ከወንድማቸው ጋር በውርስ ሲጣሉ ቃል በቃል ገልብጦ አጭር ልቦለድ አደረገው። ሦስት ቀን ሙሉ ሳይነጋገሩ በአንድ ገበታ የበሉትን ምሳ ሳይቀር አስገባው። አዲስ አበባ ያለ አንድ መጽሔት መለሰለት። በቀይ እስክሪብቶ «ባለታሪኮቹ የሚታመኑ አይደሉም» ተብሎ ተጽፎበታል። ከአርባ አንዱ ነዋሪዎች ግን አንዷም ተመልሳ አታውቅም።

ዛሬ በኪሱ ያለችው አርባ ሁለተኛዋ ናት፤ የቤልጉንዲ የውሃ ጉድጓድ ተጠቃሚ። ይህች ዜና ለየት ትላለች። የጊዜያዊ ቅጥሩ ውል በወሩ መጨረሻ ያልቃል። አቶ ሞላ የቋሚ ቅጥር ደብዳቤውን አስተይበው መሳቢያቸው ውስጥ አስቀምጠዋል፤ ያልተፈረመ ነው። ትናንት መሳቢያውን ሳብ አድርገው አሳይተውት ነበር። «ነገ የሚመርቁት ሰውዬ ድምፃቸው በሬዲዮ ሲጠቀስ ይወዳሉ። የቤልጉንዲ ውሃ ሰባት ሰዓት ላይ ከተነገረ ማታውኑ እፈርምልሃለሁ።» ካልተነገረስ አላላቸውም። መሳቢያው ራሱ ተዘግቶ መልስ ሰጠው።

ሰዕዲያ መጥታ አጠገቡ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። መሸከሚያ በትሯን በጉልበቶቿ መሐል አቆመች። ኪሱ ላይ ያለውን እስክሪብቶ አየችው።

«ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ አንተ ጽሑፍ ታውቃለህ። ሬዲዮውን ሰው ታውቃለህ?»

«በመጠኑ።»

«ንገረው። ክሊኒክ ተወው። ውሃ ግን ዛሬ ይምጣ። ዝም በለው፣ ምንም አይናገር።»

«ለምን?»

ነገሩን በዝግታ አስረዳችው። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ውሃውም አለ፣ ብረቱም ቆሟል፤ የሌለው እጀታው ነው። ቆፋሪዎቹ ለአራት መንደር አራት ጉድጓድ ቆፍረው ያመጡት እጀታ አንድ ነው። በምረቃው ቀን እጀታው ከእንግዶቹ ጋር ይመጣል፣ ይገጠማል፣ ውሃው ይፈሳል፣ ይጨበጨባል። እንግዶቹ ሲሄዱ እጀታው ተፈትቶ አብሮ ይሄዳል፤ ለሚቀጥለው ምረቃ። ሁለት መንደር እንዲህ ተመርቋል። ሁለቱም ዛሬ ከወንዝ ነው የሚጠጡት።

«እኛ ሴቶች ተማከርን» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይምጣ። ይግጠም። ከዚያ እንቀመጣለን። እዚያው ብረቱ ላይ። ሃምሳ ሴት። ወላሂ ማን ያነሣናል?» ሳቀች፤ የፊት ጥርሶቿ ሁለት ብቻ ነበሩ። «ግን ሬዲዮ ከቀደመ አለቀ። ተሰጣችሁ ይላሉ። ማን ይመጣል?»

«የሺዋስ!» አለች ሀዊ። «አዲስ አበባ!»

ካቢኑ ውስጥ ገብቶ በሩን ሳበው፤ በሩ እንደ ወትሮው አልገጠመም። በመስመሩ ማዶ የዴስኩ አዘጋጅ ደምመላሽ ይጮኻል።

«ሀሎ አሶሳ! ዛሬ ምን አለህ?»

«ውሃ አለኝ። ግን ችግር አለ።»

«የመስመሩ ነው?»

«የውሃው። ፓምፑ እጀታ የለውም።»

«ይመረቃል አይመረቅም?»

«በዘጠኝ ሰዓት ይመረቃል።»

«እንግዲያው ተመርቋል። አንብብ።»

«ለማታው ብናቆየውስ?»

«ማታ ሌላ ክልል ድልድይ አለው። ቀን ነው፣ አለበለዚያ የለም። አንብብ እንጂ፣ ሰዓቴን አትብላ!»

የሺዋስ ወረቀቱን ዘረጋ። «በቤልጉንዲ ቀበሌ ከሦስት ሺህ በላይ ነዋሪዎችን ተጠቃሚ የሚያደርግ የንጹሕ መጠጥ ውሃ ጉድጓድ ዛሬ ተመረቀ...»

«ሦስት ሺህ?» አለ ከውጭ ነጋዴው። «ፍየሎቹን ቆጥሮ ነው?»

ሰልፉ ሳቀ። የሺዋስ ወደሚቀጥለው መስመር ሲወርድ አርባ ሁለተኛዋን ነዋሪ አገኛት። አራት ልጆች፣ ሁለት ሰዓት መንገድ። በበሩ ክፍተት ሰዕዲያ ትታየዋለች፤ አገጯን በትሯ ላይ አስደግፋ አፍ አፉን ታያለች። «ደምመላሽ፣ ስማኝ» አለ ጮክ ብሎ። «ከዚህ በኋላ ያለውን አልልክም። የላክሁትንም ሰርዘው። አልተመረቀም! ሰማኸኝ? ውሸት ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሰርዘው!» መሳቢያው፣ ደብዳቤው፣ የሠላሳ ብሯ ክፍል ሁሉ በዓይኑ ሄዱ። ግንባሩ አላበው፤ ደግሞም ቀለለው።

ሲወጣ ሰልፉ አፉን ከፍቶ ነው የተቀበለው። ሀዊ ብቻ እንደተለመደው ሽቦ እየነቀለች ነበር።

«ለማን ነው የምትጮኸው፣ ወንድሜ? መስመሩ እኮ 'ዛሬ ተመረቀ' ስትል ተቆርጧል።»

«ድገሚልኝ።»

«አለቀ፤ አምስት ሰዓት ሞልቷል። ለነገ ልመዝግብህ?»

የሺዋስ ራሱን አጽናና። በአንድ ዓረፍተ ነገር ዜና አይሠራም። እንግዳ የለው፣ አኀዝ የለው፣ ነዋሪ የለው። ይጥሉታል።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት መኪና ከአሶሳ ወጣ። ከፊት በነጩ ላንድክሩዘር የክብር እንግዳውና አቶ ሞላ፤ ከኋላ በፒክአፑ ሹፌሩ ዲሳሳ፣ የሺዋስና እግረ መንገዷን የተጫነችው ሰዕዲያ። ከኋላ ጭነቱ ላይ ጃንጥላዎች፣ አንድ ካሳ ለስላሳ መጠጥ፣ ለመቁረጥ የተዘጋጀ ሪባንና በጆንያ የተጠቀለለው እጀታ ነበሩ። ዲሳሳ የባምባሲ ልጅ ነው፤ መንገዱ ጉድጓድ በሆነ ቁጥር «ያ ረቢ!» እያለ ከመሪው ጋር ይነጋገራል። የቀርከሃውን ጫካ እንዳለፉ ሬዲዮኑን ከፈተ። ሰባት ሰዓት ነበር።

ቤልጉንዲ አራተኛ ዜና ሆና መጣች። የሺዋስ የላከው አንድ ዓረፍተ ነገር ቀደመ፤ ከዚያ ሌላ ተከተለ፣ ሌላም። የክብር እንግዳው በሥነ ሥርዓቱ ላይ ያደረጉት ንግግር ሦስት መስመር ተጠቀሰ። ወይዘሮ ሐሊማ ሻዕባን የተባሉ የቀበሌው ነዋሪ፣ የአራት ልጆች እናት፣ ቀደም ሲል ሁለት ሰዓት ይጓዙ እንደነበር አስታውሰው፣ አሁን ውሃው በደጃፋቸው እየተቀዳ መሆኑን ገለጹ። ደስታቸውን የተናገሩት በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ደምመላሽ መስመሩ ሲቆረጥበት አርባ አንዱን የቀደሙ ዜናዎች ዘርግቶ ቀሪውን ራሱ ጨርሶት ነበር። የሺዋስ ካፈረበት ነገር አንዱ፣ የደምመላሽ ሥራ ከራሱ የተሻለ መሆኑን ልብ ማለቱ ነው።

«ሐሊማ ማነው?» አለች ሰዕዲያ። «እኛ ጋ የለም።»

ፊት የምትሄደው ላንድክሩዘር ቆማለች። እንግዳው ወርደው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሜዳውን ያያሉ፤ ፊታቸው ረክቷል። አቶ ሞላ ወደ ፒክአፑ እየተቻኮሉ መጡ።

«ሰማችሁ? ተመርቋል እኮ! እንግዳችን ምን አሉ መሰላችሁ፤ አሁን ብንሄድ ሁለተኛ ምረቃ ይሆናል፣ ሁለተኛ ምረቃ ደግሞ በጀት የለውም። ደግሞ ሰማዩን እዩት። ተመለሱ!» በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው የየሺዋስን እጅ ጨበጡ። «አንበሳ! ማታ መጥተህ ደብዳቤህን ውሰድ።»

ላንድክሩዘሯ ዞራ በአቧራ ውስጥ ጠፋች። ሰዕዲያ የሆነውን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም። በሩን ከፍታ ወረደች፣ ነጠላዋን አጠበቀች፣ በትሯን ትከሻዋ ላይ አጋድማ ወደ ቤልጉንዲ መሄድ ጀመረች። ሃምሳ ሴት እየጠበቃት ነው።

ዲሳሳ ሞተሩን አላስነሣም። «እንዞር?» አለ።

የሺዋስ ጀርባዋን ያያል። መዞር ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታው ድረስ ደመወዝ አለው። «ዲሳሳ» አለ በመጨረሻ፣ «እጀታው እንዴት ነው የሚገጠመው?»

«በሁለት ብሎን። ሕፃን ይገጥመዋል።» ዲሳሳ ወደሱ ዞረ። «ስማኝ ወንድሜ፤ እኔ ተመለስ ተብያለሁ፣ እመለሳለሁ። ግን አሥራ አራት ዓመት የነዳሁት ሳላስፈርም ዕቃ ሰጥቼ አይደለም።» ከዳሽቦርዱ የመውጫ ወረቀት አወጣ። «የፓምፕ እጀታ፣ ብዛት አንድ፤ ቁልፍ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር፣ ብዛት አንድ። ቁልፉን ትመልስልኛለህ፣ የራሴ ነው። ፈርም።»

ፈረመ። ጆንያውን ተሸክሞ ሮጦ ደረሰባት። እሷም ሳትጠይቅ እጀታውን ወሰደችና በበትሯ አንድ ጫፍ አሰረችው፤ በሌላው ጫፍ ሚዛን እንዲጠብቅ ድንጋይ የቋጠረ ጨርቅ አንጠለጠለች። ግማሽ ሰዓት ሄዱ።

«እናቴ» አለ የሺዋስ፤ «የክሊኒኩን ዜና የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

እርምጃዋን አልቀየረችም። በትሩ ትከሻዋ ላይ ይወዛወዛል። አሥር ዛፍ ያህል ካለፉ በኋላ «ትልቅ ነው?» አለች።

«ምኑ?»

«የጻፍከው ክሊኒክ። ስንት ቤት አለ?»

«አምስት።»

«አልጋስ?»

«ስምንት።»

«የሚወልድ ሴት፣ የሱ ቤት አለ?»

«አለ።»

«ማሻአላህ» አለች። «ቆንጆ ነው።»



ቤልጉንዲ ሲደርሱ መኪና ሲጠብቁ የነበሩት ሰዎች ለሁለት እግረኛ አላጨበጨቡም። ዐወድ ከሱቁ ወጥቶ ብሎኑን አጠበቀ። እጀታው ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ ከፍ ዝቅ ተደረገ፤ ብረቱ አጓራ፣ ዝገት ያዘለ ቀይ ውሃ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። ንግግር ያደረገ የለም። ሴቶቹ ጀሪካን አሰለፉ፤ ወዲያው ቀድሜ ነበር፣ ቀድመሽ አልነበረም የሚል ጭቅጭቅ ተነሣ። አሥር የሚሆኑት እንደተማከሩት ፓምፑን ከብበው ተቀመጡ። ፈቺ እንዳልመጣ ቢያዩም አልተነሡም።

የሺዋስ ቀርከሃ በጫነ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥሎ አሶሳ ሲገባ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር። አቶ ሞላ ቢሮ ውስጥ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት አለ፦ የቋሚ ቅጥር ደብዳቤውና የዲሳሳ የመውጫ ወረቀት።

«እጀታው?» አሉ።

«ቤልጉንዲ ነው።»

«ማክሰኞ ሌላ ምረቃ አለን። ነገ ጠዋት ሄደህ ፈትተህ ታመጣለህ። ከዚያ እፈርማለሁ።»

«ሴቶቹ ከበውታል።»

«ፖሊስ እጨምርልሃለሁ።»

«ይችላሉ» አለ የሺዋስ። «ግን የቤልጉንዲ ውሃ እየተቀዳ ነው ተብሎ ለአገር ተነግሯል። ነገ በፖሊስ ከተነቀለ የዋሸው ማን ይባላል፣ ጋሼ? ሬዲዮው ነው፣ ወይስ ንግግር ያደረጉት እንግዳ?»

አቶ ሞላ እንግዳውን አሰቡ። እስክሪብቷቸውን በጣቶቻቸው መሐል እያገላበጡ የመውጫውን ወረቀት ተመለከቱ። ከዚያ ደብዳቤውን ሳቡ፣ «ሪፖርተር» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዙት፣ ከላዩ ሌላ ነገር ጻፉ፣ ስርዙ ሕጋዊ እንዲሆን ማኅተም አሳረፉበትና ፈረሙ። የሺዋስ ተቀብሎ አነበበው። ረዳት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ይላል። ደመወዙ ያው ነው።

«ዜናውስ ማን ይጽፋል?»

«ዴስኩ። ዛሬ ሰማነው አይደል? አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ከላክንላቸው ሌላውን አሳምረው ይጨርሱታል። ላንድ ዓረፍተ ነገር ሰው አይቀጠርም።» አቶ ሞላ የመውጫውን ወረቀት ወደሱ ገፉት። «አንተ ለዕቃ መፈረም እንደምትወድ አይቻለሁ። የማክሰኞው እጀታም ያንተ ራስ ምታት ነው፤ ከየትም ፈልገህ አምጣ።»

የሺዋስ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በሩን ሲከፍት አቶ ሞላ ከኋላው ጠሩት፤ ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፣ ለልጅ እንደሚመከር ዓይነት ነበር።

«የሺዋስ! ንብረት ክፍል እንደዚህ ቤት እንዳይመስልህ። እዚያ የሌለውን አለ ብለህ ብትጽፍ ያሳስርሃል።»